መብራት ሲመለስ የጫጩት ቤቱስ ይሞቃል?

የአንድ ቀን ጫጩት የሰውነቷን ሙቀት ብቻዋን መጠበቅ አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። ሌሊት ቅዝቃዜ ሲበረታ ጫጩቶች እርስ በርስ ተደራርበው ይታፈናሉ፤ የአርቢው ጥሪትም አብሮ ይጠፋል።

ሙቀቱን ለመቆጣጠር ከሚያገለግሉ ነጻ ሶፍትዌሮች አንዱ ሆም አሲስታንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለመኖሪያ ቤት አገልግሎት የተጀመረ ቢሆንም፣ ራስበሪ ፓይ በተባለች አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ለጫጩት ቤትም ይሠራል። ለመጫን ኢንተርኔት ቢያስፈልገውም የዕለት ሥራውን ግን ያለ ኢንተርኔት ማከናወን ይችላል።

የሙቀት መለኪያውንና የማሞቂያ አምፖሉን ከሶፍትዌሩ ጋር ለማገናኘት ኢኤስፒሆም የተባለ ተጨማሪ መተግበሪያ ይጫናል። በዚህ መተግበሪያ ኢኤስፒ32 በምትባል አነስተኛ መቆጣጠሪያ ላይ ትዕዛዝ ይጻፋል። በዚህ ጊዜ አራት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ።

አንደኛ፣ «ሙቀቱ ከዚህ ሲወርድ አብራ፣ ከዚህ ሲያልፍ አጥፋ» የሚለው ትዕዛዝ በራሷ በመቆጣጠሪያዋ ላይ መጻፍ አለበት። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ቢበላሽም ማሞቂያው ሥራውን ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ አምፖሉ የተገናኘው በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ከሆነ፣ «ሪስቶር ሞድ» የተባለው ምርጫ ካልተስተካከለ በቀር መብራት ሲመለስ አምፖሉ እንደጠፋ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ መቆጣጠሪያዋ ከኮምፒውተሩ ጋር ለ15 ደቂቃ ካልተገናኘች ራሷን አጥፍታ ትነሳለች፤ ይህም ይደጋገማል። «ሪቡት ታይምአውት» የሚለውን ዜሮ ማድረግ ይህን ያስቀራል።

አራተኛ፣ ሞስኪቶን የመሰለ መልእክት አስተላላፊ መተግበሪያ ከተጨመረ ዘወትር መሥራት ይኖርበታል። ስለሆነም «ስታርት ኦን ቡት» እና «ዋችዶግ» የተባሉት ምርጫዎች መከፈት አለባቸው።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለማኅበራት የሚያቀርቡ ወረዳዎች ርክክቡን በወረቀት ብቻ መጨረስ የለባቸውም። ጫጩት ከመግባቱ በፊት መብራቱን አጥፍቶ መመለስ፣ ቀጥሎም ኮምፒውተሩን ነቅሎ ለግማሽ ሰዓት ማቆየትና ማሞቂያው በትክክል መሥራቱን በቴርሞሜትር ማረጋገጥ ይገባል። የመስመር ዝርጋታውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። የቅንብሩ ቅጂም ከኮምፒውተሩ ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ሶፍትዌር መብራት በሌለበት ሙቀት አይሰጥም። ስለዚህ የጫጩቶቹን የሰውነት ሙቀት ይዞ የሚያቆየው፣ በሣር የተደለደለው የማሳደጊያ ሳጥን ከጫጩት ቤቱ ሊጠፋ አይገባም።