ለክበባችን ኮንትራባስ ስንመርጥ

ባለፈው የዘመን መለወጫ ዝግጅታችን ክራሩም፣ መሲንቆውም፣ ዋሽንቱም ነበሩ፤ ከበሮውም አልጎደለም። ከኋላ የተቀመጡ ወላጆች ግን «ዜማው ቀጠነብን፤ ከሥር የሚይዘው የለም» አሉን። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ የሙዚቃ ክበባችን ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ለመግዛት ሲያፈላልግ ቆየ። ገንዘቡ መጠነኛ ነው፤ ብንሳሳት ደግመን አንገዛም።

መጀመሪያ ያሰብነው ቤዝ ጊታር ነበር። ዋጋው ይቀላል፤ ነገር ግን ያለ ድምፅ ማጉያ አይሰማም፣ ካላክላ ደግሞ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች የምንሰማው ቤዝ ክራርም የሚደምቀው በማጉያ ነው። ኮንትራባስ ግን ድምፁን የሚያጎላው በራሱ ሆድ ነው። አራቱ አውታሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ፤ ወፍራሙ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እንደ መሲንቆ ሁሉ አንገቱ ላይ መከፋፈያ ስለሌለው ድምፁን የሚያገኙት ጣትና ጆሮ ናቸው። ለአንቺሆዬ ቅኝት ይህ ጥቅም ነው። (ለጀማሪ ግን ጭንቅ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ይታገሡን።) የሱዳን ዘፈንም በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ የሠፈሩ ልጆች ሲመጡ አብረን እንጫወትበታለን።

ብዙ ያከራከረን እንጨቱ ነው። ውድ ኮንትራባስ የፊት ገበታው ከወጥ እንጨት ተፈልፍሎ ይሠራል፤ ድምፁም ያማረ ነው። ርካሹ የሚሠራው ስስ እንጨት ተደራርቦ ከተጣበቀበት ኮምፔርሳቶ ነው። ብዙዎቻችን «ወጥ እንጨት ይሁን» ብለን ነበር። ሆኖም ወጥ እንጨት አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲረጥብ ያብጣል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። የካርቱም በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ደረቅ ሙቀት ነው፤ ክረምቱ ሲመጣ እርጥበት ይከተላል። በዚያ ላይ በውሃ የሚሠራው ሙከይፍ በአንድ ቀን ውስጥ ክፍሉን ያረጥበዋል፣ ሲጠፋ ያደርቀዋል። ኮምፔርሳቶ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ይህን ይችላል። ድምፁ ትንሽ ቢደነዝዝም ለትምህርት ቤት የሚሻለው እሱ ነው ብለን ወሰንን።

በመጠን ረገድ «ሦስት አራተኛ» የሚለው ስም የልጅ ይመስላል፤ ነገር ግን አዋቂዎች በብዛት የሚጫወቱበት እሱ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው። የአምስተኛ ክፍል ልጆቻችን ግማሹን መጠን ይፈልጋሉ፤ ሁለት መግዛት ስለማንችል ትልልቆቹ ይጀምሩበት።

መጀመሪያ ያየነው መሣሪያ አዲስ ነበር፤ ቀለሙ ያንጸባርቃል። አንዱ ተማሪያችን አውታሩን በሁለት ጣት ቢጫን እንኳ አልወርድ አለው። የጣት ሰሌዳውም ጥቁር ቀለም የተቀባ ለስላሳ እንጨት ሆኖ ተገኘ፤ በጥቂት ዓመት ይቦረቦራል። ኢቦኒ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት መሆን ነበረበት። ትተነው መጣን።

ከዚያ በኋላ የምናየው ሌላ ሆነ። ቀጭኑ አውታር ከሰሌዳው ጫፍ ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይበል፤ ወፍራሙ ጥቂት ይጨምር። በክራር በርኩማ የምንለው፣ አውታሮቹን ደግፎ የያዘው እንጨት እግሩ ከገበታው ጋር ገጥሞ ይቁም፤ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አልተስተካከለም። ጠርዙን በጣት አንጓ እየመታን ዙሪያውን እንሄዳለን፤ ሙጫው የለቀቀበት ቦታ ድምፁ ይንቀጫቀጫል። በስልክ መብራት ደግሞ ሆዱን እናያለን፤ ውስጡ ቀጥ ብላ የቆመች ትንሽ ምሰሶ አለች። ጣሊያኖች «ነፍስ» ይሏታል። የፊቱን ንዝረት ለኋላው የምታቀብለውም፣ ገበታው በአውታሮቹ ጫና እንዳይጎብጥ የምትደግፈውም እሷ ናት፤ ከወደቀች አውታሮቹን ማላላት ይገባል።

ስለዚህ ያለንን ሁሉ ለመሣሪያው አናወጣም። ለባለሙያ ማስተካከያና ለመለዋወጫ አውታር እንተዋለን፤ አውታሩ ራሱ ውድ ነው። ደጋኑ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ፤ ለትዝታና ለባቲ በጣት መምታት ይበቃል። ማጓጓዣው በረክሻ አይሆንም፤ አምጃድ ተከራይተን በጎኑ እናስተኛዋለን እንጂ በፊቱ አይደፋም። ከመጣ በኋላ የሚቀመጠው ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ ከመስኮቱም ከሙከይፉም ርቆ ነው።