«ለምደውታል» ማለት ይበቃልን?

ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት እያስተማርን ነው እንበል። ዓረፍተ ነገሩን ገና ሳንጨርስ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ያልፋል። ዝም እንላለን፤ ሲርቅልን ካቆምንበት እንቀጥላለን። ተማሪዎቹ ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ለምን ቢባል፣ «እነሱማ ለምደውታል!» ነው መልሱ። ዛሬ በዚህች «ለምደውታል» በምትባል ቃል ላይ ጥቂት ለማለት ፈለግን።

የድምፅ ጉልበት በዴሲቤል ይለካል። ልኩ እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይደለም፤ 10 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ ያህል ይጎላል። የአውሮፕላኑ ድምፅ ከመምህሩ ድምፅ ሲበልጥ ቃሉ ይዋጣል። አዋቂ ሰው የተዋጠውን ቃል ከንግግሩ ስሜት ተነሥቶ ይሞላዋል። ማንበብ የጀመረ ሕፃን ግን የሚሞላበት የቃላት ስንቅ ገና የለውም።

ይህን በግልጽ ያሳየ አጋጣሚ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992 በሪም የነበረው አሮጌ ማረፊያ ተዘግቶ አዲሱ ከከተማው ራቅ ብሎ ተከፈተ። ተመራማሪዎችም በሁለቱም ሥፍራ ያሉትን ልጆች ከዝውውሩ በፊትና በኋላ፣ ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ፈተኗቸው። ውጤቱ ምን ሆነ? በአሮጌው ማረፊያ አካባቢ የነበሩት ልጆች በንባብና በማስታወስ ችሎታ ተሻሻሉ፤ በአዲሱ አካባቢ ያሉት ደግሞ ወደ ኋላ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት በለንደን፣ በአምስተርዳምና በማድሪድ ማረፊያዎች አካባቢ በ89 ትምህርት ቤቶች ከ2,800 በላይ ልጆችን መርምሯል። በእንግሊዝ 5 ዴሲቤል ሲጨመር የልጆቹ ንባብ ሁለት ወር ያህል ዘግይቶ ተገኘ።

ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፦ ልጁ ሁካታውን ላለመስማት ሐሳቡን ሲዘጋ የሰውንም ንግግር አብሮ ይዘጋል። መልመድ የተባለው ይኸው ነው እንግዲህ!

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 አራት መንገዶችን አንድ ላይ አስቀምጧል። አንደኛ፣ ጩኸቱን ከምንጩ መቀነስ፤ ማለትም ጸጥ ያለ ሞተር መሥራት። ሁለተኛ፣ በመሬት አጠቃቀም ፕላን ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ከበረራው መስመር ሥር እንዳይሠሩ ማድረግ። ሦስተኛ፣ አበራረሩን ማስተካከል፤ በለንደን ሂትሮው ለምሳሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ሜዳ የሚለዋወጡበት አሠራር ስላለ ነዋሪው በፈረቃ እፎይ ይላል። አራተኛ፣ ሌላው ሳይበቃ ሲቀር፣ በተለይ በሌሊት፣ በረራን መገደብ።

ከእነዚህ ሁሉ ሁለተኛው ጊዜ ካለፈበት አስቸጋሪ ነው። የቦሌ ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሠራ ከከተማው ዳር ነበር፤ ዛሬ ከተማው ራሱ መጥቶ ከቦታል። የተሠራ ሰፈር ደግሞ እንደ ድንኳን አይነቀልም።

ሞተሩን መለወጥ የእኛ ሥራ አይደለም። በክፍላችን ውስጥ ግን የምንሠራው አለ፦

በጩኸት ላይ አንጩኽ፤ ዝም ብለን እንጠብቅና ዓረፍተ ነገሩን ከመነሻው እንድገመው።

ዋና ዋናዎቹን ቃላት በሰሌዳ ላይ እንጻፍ፤ ጆሮ የሳተውን ዓይን ይይዘዋል።

በረራ የሚበዛበትን ሰዓት መዝግበን ጽሕፈትንና ሥዕልን በዚያ ሰዓት፣ ንባብንና የቃል ጽሕፈትን ጸጥ ባለው ሰዓት እናድርግ።

ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ድምፁን እንደልብ ያስገባልና ጉዳዩን ለርእሰ መምህሩና ለወላጆች እናስረዳ።

ከእንግዲህ «ለምደውታል» ስንባል፣ «የለመዱት ምኑን ነው? አውሮፕላኑን መስማት ወይስ መምህሩን አለመስማት?» ብለን እንጠይቅ።