ከቀለማቱ ባሻገር፦ የኡማዋካ ሸለቆ መልክዓ ምድርና ቅርስ

በሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና፣ በሁሁይ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የኡማዋካ ሸለቆ በይበልጥ የሚታወቀው በተራሮቹ ቀለም ነው። ከፑርማማርካ መንደር ጀርባ ያለው «የሰባት ቀለማት ተራራ» የአካባቢው መለያ ሆኗል። ይሁን እንጂ ሸለቆው እ.ኤ.አ. በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በተፈጥሮ ሳይሆን በባህላዊ መመዘኛዎች ነው። ይህ ጽሑፍ ቀለማቱና የሰው ሥራ እንዴት እንደሚተሳሰሩ፣ ሁለቱን ለይቶ ማየትም ለጥበቃው ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

ቀለማቱ የዓለቶቹ ማዕድን ውጤት ናቸው። ለምሳሌ ቀዩ ከብረት ኦክሳይድ፣ ነጣ ያለው ከኖራ ድንጋይ የተገኘ ነው። በተለያየ ዘመን የተነጠፉት ንብርብሮች የአንዲስ ተራሮች ሲነሡ ታጥፈው ዘመሙ፤ የሪዮ ግራንዴ ወንዝና ገባሮቹም ሸረሸሯቸው። ዝናቡ ጥቂት በመሆኑ ተዳፋቱን የሚሸፍን ጥቅጥቅ ያለ ዕፅዋት የለም፤ ስለዚህ ዓለቱ ተገልጦ ይታያል።

የነዋሪውን አኗኗር የቀረጸውም ይኸው ድርቀት ነው። ገበሬዎች ውኃን ከጅረቶች እየጠለፉ በቆሎና ድንች አመረቱ፤ በኮክታካ የሚገኙት ሰፋፊ የድንጋይ እርከኖች የዚህ ሥራ ምስክር ናቸው። ሸለቆው ቀዝቃዛውን አምባ ከቆላው ስለሚያገናኝ ለ10,000 ዓመታት ያህል የመተላለፊያ መንገድ ሆኖ አገልግሏል። ኢንካዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከመንገዶቻቸው መረብ ጋር አያያዙት፤ ከእነርሱ በኋላም ስፔናውያን ወደ ፖቶሲ የብር ማዕድን ለሚያደርጉት ጉዞ ተጠቀሙበት።

የሚታየው ሁሉ ግን ጥንታዊ አይደለም። በቲልካራ ከተማ አጠገብ ያለውን ፑካራ የተባለ የኮረብታ ምሽግ ሁዋን አምብሮሴቲና ሳልቫዶር ዴቤኔዴቲ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ቆፍረው አጥንተውታል። በመካከሉ የቆመው ጫፈ ቆራጣ ፒራሚድ በ1930ዎቹ ለአርኪዮሎጂስቶቹ መታሰቢያ የተሠራ ነው። ታሪኩን ለማያውቅ ጎብኚ የጥንት ነዋሪዎች ቤተ መቅደስ መስሎ ሊታየው ይችላል።

በአንጻሩ ዛሬም የሚፈጸመው ሥርዓት ያልተቋረጠ ትስስርን ያሳያል። በየዓመቱ ኦገስት 1 ቀን ቤተሰቦች ጉድጓድ ቆፍረው ለፓቻማማ፣ ማለትም ለእናት ምድር፣ ምግብ፣ የኮካ ቅጠልና ቺቻ የተባለውን የበቆሎ መጠጥ ያቀርባሉ። መሬት በዚህ እሳቤ የሚታይ ውበት ብቻ ሳትሆን የምትመገብና የምትመግብ ናት።

የጥበቃው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ከምዝገባው ወዲህ ቱሪዝም ተስፋፍቷል፤ ለግንባታ የሚፈለገው መሬትም ጨምሯል። ተራራው ሰው ባይኖርም ቀለሙን ይዞ ይቆያል። እርከንና ቦይ ግን የሚያርሳቸውና የሚጠግናቸው ካጡ ይፈርሳሉ። ስለሆነም የጥበቃው ስኬት ሊመዘን የሚገባው በጎብኚ ብዛት ሳይሆን፣ ገበሬው መሬቱንና ውኃውን ይዞ በመቆየቱ ነው።