አውሮፕላን በግቢ ውስጥ

አልጋና ቁም ሳጥን በካርቶን ታሽጎ መጥቶ ቤት ውስጥ ሲገጣጠም አይተናል። አውሮፕላንስ? በአሜሪካና በአውሮፓ በርካታ ቤተሰቦች ጋራዥ ውስጥ በመኪናው ቦታ ግማሹ ያለቀ ክንፍ ተጋድሞ ይገኛል። ፋብሪካው የተቆረጠና የተበሳ አሉሚኒየም፣ ብሎንና መመሪያ ይልካል፤ ቀሪው የባለቤቱ ሥራ ነው። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ "ቤት የተሠራ" ለመባል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሥራ ባለቤቱ ራሱ እንዲሠራው ያስገድዳል። ሞተሩን፣ የመሣሪያ ሰሌዳውን፣ ወንበሩንና ቀለሙንም እንደ ፍላጎቱና እንደ ኪሱ ይመርጣል።

የእናት ስም፣ 570 ቀናት

በእኛ አገር አስመላሽ ዘፈሩ የተነሣው ያለ ፋብሪካ ካርቶን ነው። የልጅነት ምኞቱ አብራሪ መሆን ነበር። ቁመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር በማነሱ የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ አልተቀበለውም። በጤና ሙያ የተማረው ወጣት መጻሕፍት እያነበበ፣ ዩቲዩብ እየተመለከተ የራሱን አውሮፕላን መሥራት ጀመረ። ሞተሩን ያገኘው ሁላችንም ከምናውቃት ከአሮጌዋ ቮልስዋገን ነው፤ ጉልበቱ 40 የፈረስ ጉልበት ነበር። ወጪው ወደ 160 ሺህ ብር ደረሰ።

ስሙን "ኬ-570ኤ" አለው። "ኬ" ከእናቱ ከኪሮስ ስም የተወሰደ ሲሆን፣ 570 ሥራው የወሰደው ቀን ነው። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የመጀመሪያ የበረራ ሙከራ አልተሳካም። ነገር ግን ተገዝቶ ከመጣ ዕቃ ይልቅ ከአሮጌ ሞተር ተነሥቶ እዚያ መድረሱ የዓለም መገናኛ ብዙኃንን ዓይን ስቧል።

ከእርሱ በፊትም በአገራችን አውሮፕላን ተሠርቷል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር የሠራት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በረረች። በልዕልት ፀሐይ ስም "ፀሐይ" ተባለች። በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

አማኑኤል ላይ ቢሆንስ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አማኑኤል ሜዳ አይጠፋም። የሚያስቸግረው አየሩ ነው። የደጋ እናቶች ባቄላ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚበስል ያውቃሉ፤ አየሩ ሲሳሳ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ያው ስስ አየር ሞተሩንም ያዳክመዋል። እንደ ደብረ ማርቆስ 2 ሺህ 400 ሜትር ግድም በሆነ ከፍታ ላይ ተራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 40 የነበረው ወደ 30 ይወርዳል ማለት ነው። ክንፉና ፕሮፔለሩም የሚገፉት አየር ስለሚያንሳቸው መንደርደሪያው ይረዝማል።

ስለዚህ በደጋ አገር አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ከቀለሙ በፊት ስለ ክብደት ያስባል፤ አየር የሚጨምር ተርቦ ያለው ሞተር ይመርጣል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ጠንከር በሚልበት በማለዳ ይበራል።

ቤተሰብ ምን ይነጋገር?

በመጀመሪያ ስለ ጊዜ። አንድ የኪት አውሮፕላን ከ1 ሺህ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢሠራበት እንኳ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ማለት ነው። ባለቤትዎ ያንን ምሽት አብረው ካልፈቀዱ ክንፉ ሳያልቅ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

ቀጥሎ ስለ ደኅንነት። በአሜሪካ ቤት የተሠራ አውሮፕላን የመጀመሪያዎቹን 25 ወይም 40 ሰዓታት የሚበረው በተወሰነ ክልል ውስጥ፣ ያለ ተሳፋሪ ነው። ልጆች ምንም ያህል ቢለምኑ አይሳፈሩም። በአገራችንም ያለ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ መነሣት አይቻልም።

ልጆቹ ግን እስከዚያ ድረስ ሥራ አይፈቱም። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ ካለዎት፣ ሽቦውን ቆሻሻ ብለው ከመጣልዎ በፊት አንድ ፒንሳ ይግዙለት። ብሎን መለየት፣ ልኬት መጻፍና የተበላሸውን ፈትቶ እንደገና መግጠም ይልመድ። አውሮፕላን ባይሠራ እንኳ የጀመረውን የሚጨርስ ሰው ይወጣዋል።