ተጨማሪ መረጃ፦ ሮቦት የሚያግዘው የሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና

ከሐዋሳ ፒያሳ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ይርጋለም ይገኛል። በከተማዋ ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በተራዘመ ምጥ ሳቢያ ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸውን እናቶች ያክማል። ሐኪሞቹ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረውን ቀዳዳ በእጃቸው ሰፍተው ይደፍናሉ።

በበለጸጉት አገሮች ደግሞ ብዙ የሽንት አካላት ቀዶ ሕክምናዎች ዛሬ በሮቦት ይታገዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ለንደን ውስጥ «ፕሮቦት» የተባለ ማሽን ያበጠ ፕሮስቴት ቀርፎ አወጣ። «ዳ ቪንቺ» የተሰኘው ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

ሮቦቱ በራሱ አይወስንም።

ሐኪሙ ከታካሚው ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ አጉልቶ በሚያሳይ መመልከቻ እያየ መያዣዎቹን ያንቀሳቅሳል። ቀጫጭን መሣሪያዎች በሆድ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው እንደ እጅ አንጓ ይተጣጠፋሉ፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም ማሽኑ ያጣራል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በካንሰር የተያዘ ፕሮስቴት ሲወጣ ነው፤ በጠባቡ የዳሌ ጥልቀት ውስጥ የሽንት ፊኛው ከሽንት መውጫ ቱቦው ጋር በቀጭን ክር መልሶ ይሰፋል።

በዚህ መንገድ የታከመ ሰው የሚፈሰው ደም ያነሰ ነው፤ ሆስፒታል የሚቆይበት ጊዜም ያጥራል። ይሁንና በአውስትራሊያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሽንትን በመቆጣጠር ረገድ ከተለመደው ቀዶ ሕክምና ጋር ጉልህ ልዩነት አላገኘም።

ሽንቱ ደም የቀላቀለ ወይም የመሽናት ችግር የገጠመው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።