በየዳና የስሜን ምድር በታሪክ ፊት

የስሜን ሕዝብ ስም በጽሑፍ ሰፍሮ ከምናገኝባቸው ጥንታዊ ምስክሮች አንዱ የቆመው በተራራው ላይ አልነበረም፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በአዱሊስ ወደብ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ካሌብ ወደ የመን ለመዝመት በሚሰናዳበት ወቅት፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በወደቡ ከቆመ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ በግሪክኛ የተቀረጸ ጽሑፍ ገለበጠ። የአስቀራጩ ንጉሥ ስም በግልባጩ ላይ አይገኝም። ንጉሡ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲቆጥር ግን፣ ወንዙን ተሻግሮ የስሜንን ሰዎች መውጋቱን፣ አገራቸውም በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚውጥ ተራራ መሆኑን ይናገራል። ስለ ብርዱ ይህን ያህል የተጨነቀው ድል አድራጊ፣ በዚያ ብርድ ውስጥ ሕዝቡ በምን ጥበብ እንደሚኖር አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በስሜን በረዶ መኖሩን ካደ፤ ከእርሱ የተከተለው ሄንሪ ሶልት ሞገተው። የበየዳ እረኛ በዚህ ክርክር ሳይስቅ የሚቀር አይመስለንም።

ይህ ምድር ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከከርሰ ምድር በፈሰሰ ቀልጦ የረጋ ዐለት የተገነባ ነው። ውሃ ለረጅም ዘመን ሸርሽሮት ገደልና አምባ ሆኗል። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን የሚገኘው በበየዳ ወረዳ ሲሆን፣ የወረዳው ከተማ ድል ይብዛ ናት። ከላይ ጅባራና ጓሳ፣ ዝቅ ሲል የገብስ ማሳ ይታያል።

ገዢዎች በዚህ ገደል ያዩት ምሽግን ብቻ ነበር። የቤተ እስራኤል መሪዎች እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በስሜን አምባዎች ተመክተው ተዋግተዋል። ደጃዝማች ውቤም ከዚሁ ተነሥተው ትግራይን ጨምረው ገዙ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻም አማተሩ። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ሲሆኑ፣ ራሳቸው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም የነገሡት አሸናፊያቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። የእነዚህን ሁሉ ሠራዊት ስንቅ የተሸከመው የገብስ ገበሬ ግን በመሳፍንቱ ታሪክ ውስጥ ስም የለውም።

በዘመናችንም የውጭው ዓለም ዓይን ያረፈው በዋልያው ላይ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ይህ የሆነው የግጭ መንደር ነዋሪዎች መሬታቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እንሻለን። ዋልያው መዳን ይገባዋል፤ የመዳኑ ዋጋ በማን ትከሻ እንደወደቀ መመዝገብም ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን አፈሩ ነው። የእርሻ መሬት በጠበበ ቁጥር ገበሬው ወደ ቀጥተኛው ተዳፋት ይወጣል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያረሰውን ይጠርግበታል። የአዱሊሱ ጽሑፍ ዓባይ ብሎ የጠራው ወንዝ ተከዜ መሆኑን ሊቃውንት ይስማሙበታል፤ በእርግጥም ተከዜ በአትባራ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። የስሜን ደለል ለብዙ ሺህ ዓመታት የግብፅን እርሻ ሲያደልብ ኖሮ፣ የተረፈው ከሜዲትራኒያን ባሕር ገብቷል። ዛሬም በሐምሌ ከበየዳ አፋፍ ቁልቁል የሚወርደው ጅረት ቀለሙ የማሳው ቀለም ነው።