ሰባት በሃምሳ፦ የባሕረኛው ባይኖኩላር

ባይኖኩላር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። ከ8 ይልቅ 12፣ ከ12 ይልቅ 20 ይበልጥበታል። ተራራ ላይ ተቀምጦ መሣሪያውን መቆሚያ ላይ ለሚያስር ሰው ይህ ስሌት ያስኬድ ይሆናል። ጀልባ ላይ ግን አያዋጣም። መርከበኞች ለረጅም ዘመን የሙጥኝ ያሉት 7×50 የሚባለውን፣ ሱቅ ውስጥ ሲታይ ልከኛ የሚመስለውን ነው።

7 የማጉላት ኃይሉ ነው፤ 700 ሜትር ላይ ያለው ነገር 100 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ችግሩ ባይኖኩላር ምስሉን ብቻ ለይቶ አለማጉላቱ ነው። የእጅን መንቀጥቀጥና የጀልባውን መናጥም አብሮ ያጎላዋል። ከባሕር ዳር ወደ ጣና ደሴቶች በሚሄድ ጀልባ ላይ ነፋስ ሲነሳ 12 እጥፍ የሚያጎላውን የያዘ መንገደኛ ጉማሬውን ከመለየቱ በፊት ራሱ ይዞርበታል። ኃይሉ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ስፋትም ይጠባል። ደህና 7×50 በ1000 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 130 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያሳያል። ሞገድ ብቅ ጥልቅ የሚያደርገውን ተንሳፋፊ ምልክት ለሚፈልግ ሰው ይህ ስፋት ከማጉላቱ ይልቅ ይጠቅመዋል።

50 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 50ን ለ7 ሲያካፍሉት 7 ሚሊሜትር ያህል ይመጣል፤ ይህም ከመሣሪያው ወጥቶ ዓይን ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ የሚከፈተው በዚሁ መጠን ስለሆነ የተሰበሰበው ብርሃን ሳይባክን ይገባል። ዕድሜ ሲገፋ ብሌኑ ያን ያህል አይከፈትም፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው የብርሃኑን ከፊል ሳይጠቀምበት ይቀራል። እንደ እኔ ግን ለእሱም ቢሆን ሰፊው ክብ ዋጋ አለው፤ ጀልባው ሲያዘንብልና መሣሪያው ከዓይን ላይ ትንሽ ሸርተት ሲል ምስሉ ቶሎ አይጠፋም። በቀን ብቻ ለሚጓዝ 7×30ም ይበቃዋል፤ አንገትም አይከብድም።

የሌንሱ ጥራት ከውጭ ስለማይታይ ለሻጩ ይመቸዋል። ብርሃኑን አጥፎ ምስሉን ቀጥ የሚያደርገውን የፕሪዝም አሠራር ጣሊያናዊው ኢግናትዚዮ ፖሮ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1854 ሲሆን፣ የጀርመኑ የካርል ዛይስ ኩባንያ በ1894 ለገበያ አብቅቶታል። ሌላው ትልቅ እርምጃ በ1935 የመጣው የአሌክሳንደር ስማኩላ ፀረ-ነጸብራቅ ቅብ ነው። ያልተቀባ የመስታወት ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 4 ያህሉን ይመልሳል፤ እንዲህ ያሉ 10 ገጾች ቢደረደሩ ሲሶው መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የፊቱን ሌንስ አምፖል ሥር አዙሩት። የአምፖሉ ነጸብራቅ ደብዘዝ ብሎ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከመሰለ ደህና ነው፤ እንደ መስታወት ነጭ ሆኖ ካበራ ይቅርባችሁ። ደም የመሰለው ቀይ ሌንስ በአብዛኛው ለዓይን ማባበያ ነው። ቀጥሎ መሣሪያውን ከፊታችሁ አርቃችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ በዓይን በኩል የሚታዩት ሁለት ክቦች ጠርዛቸው የተቆረጠ ከሆነ ፕሪዝሙ ርካሽ ነው። በመጨረሻ የሩቅ ጣሪያ ተመልከቱ። ሁለት ጣሪያ ከታያችሁ ወይም ዓይናችሁ ከደከመ ሁለቱ ቱቦዎች አልተጋጠሙም ማለት ነው፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ተዉት።

የባሕር ባይኖኩላር መሐል ላይ የሚሽከረከር ማስተካከያ ባይኖረው አይግረማችሁ። እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው አንዴ ይስተካከላል፤ ውሃ ላይ የሚታየው ሁሉ ሩቅ ስለሆነ ደጋግሞ መነካካት አያስፈልግም። ውሃ የሚሰርግበት ቀዳዳም ይቀንሳል። ውስጡ በደረቅ ናይትሮጅን የተሞላው ደግሞ ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ወበቅ ሲወጣ ከውስጥ አይደበዝዝም። መነፅር የምታደርጉ የጎማውን ከንፈር አጥፋችሁ ሙሉው ክብ መታየቱን አረጋግጡ።

ውድ በሆኑት ውስጥ ኮምፓስና የመለኪያ መስመር አለ፤ ጌጥ አይደለም። ቁመቱ 30 ሜትር መሆኑ በካርታ የታወቀ የባሕር መብራት በመስመሩ ላይ 6 ሚል (የማዕዘን መለኪያ ነው) ከሸፈነ፣ 30ን በ1000 አባዝቶ ለ6 ማካፈል ነው፦ 5 ኪሎ ሜትር። አቅጣጫውን ከኮምፓሱ ያነበበ ሰው ጂፒኤሱ ቢጠፋም ያለበትን ቦታ ካርታ ላይ ሊያሰላ ይችላል። ኮምፓሱን ብረት አጠገብ ማንበብ ግን ያሳስታል።

መንቀጥቀጡን በባትሪ ኃይል የሚያረጋጉም አሉ። በእነሱ 12 ወይም 14 እጥፍ ጀልባ ላይ ይቻላል። ዋጋቸው ግን ይከብዳል፣ ብዙዎቹ ሌንሳቸው ትንሽ ስለሆነ ሌሊት ይደክማሉ፤ ባትሪው ካለቀም ያ ሁሉ ማጉላት መልሶ ይናጣል። ለመጀመሪያ ግዢ አልመክራቸውም።

የሆነ ሆኖ መሣሪያው የማይሠራውን ማወቅም ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ በሰጠመበት ሌሊት ምሰሶው ላይ የነበሩት ጠባቂዎች ባይኖኩላር አልነበራቸውም። የበረዶውን ተራራ ቀድሞ ያየው ፍሬድሪክ ፍሊት ቢኖረን ኖሮ ቀደም ብለን እናየው ነበር ሲል መሰከረ። የደቡብ ዋልታው ተጓዥ ኧርነስት ሻክልተን ግን በዚያው ጉዳይ ቀርቦ ለጠባቂ ባይኖኩላር መስጠቱን እንደማያምንበት ተናገረ። እኔ ወደ ሻክልተን አደላለሁ፤ ባዶ ዓይን ሰፊውን አድማስ ይቃኛል፣ ባይኖኩላር የተገኘውን ነገር ምንነት ይለያል።

አብዛኛው ባይኖኩላር ውሃ ውስጥ ከወደቀ ስለሚሰጥም የሚንሳፈፍ ማንገቻ ግዙለት። ከባሕር ሲመለስ ደግሞ ሌንሱን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት፤ የደረቀው ጨው ቅቡን ይፍቀዋል። ውሃ የማያስገባ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ጨርቅ ይደርቃል።